ቤታችን የተሰጠው ማዕረግ

ለተከበሩ እትዬ ብዙወርቅ፣
ደሴ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በሰው አገር፣ ሆግቭሊት ሰፈር፣ ደህና ነን። በታላቅ ሐዘን የማስታውቅዎ፣ ቤታችን «ኤፍ» የተባለውን ማዕረግ መቀበሉን ነው። እዚህ አገር ቤት ሲሸጥ፣ ሙቀት እንዴት እንደሚይዝ ባለሙያ መርምሮ ከ«ኤ» ጀምሮ ቁልቁል ደረጃ ይሰጠዋል።

ወንድምዎ ገብረሥላሴ መርማሪው ሰውዬ ሳይደርስ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋቢ ጠቀጠቀው። ሰውዬው «ብርድ ልብስ አይቆጠርም» አለ።

«እማዬ የፈተለችውን ጋቢ ነው ብርድ ልብስ ያልከው?» ብሎ ተቆጣ ወንድምዎ። ቢሆንም ፎቁን ራሱ እየመራ አስጎበኘው። ዓርብ ስለነበር በሽሮ አስተናገድነው። ሁለቴ አስጨመረ፤ ማዕረጋችንን ግን አላሻሻለም።

እኔ እንደሆንኩ «ኤፍ»ም ቢሉት «ዜድ»ም ቢሉት እሸጠዋለሁ! ከፋሲካ በፊት ዘ ሄግ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ መወጣጫ ደረጃ የሌለው ቤት እንገባለን። የመረጥኩት ለገበያው ቅርበት ነው። ሆስፒታሉም በአጋጣሚ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ገብረሥላሴ «ምን አስቸኮለሽ?» ይላል፤ እኔ ዕቃ እያሰርኩ ነው።

እመብርሃን በያላችሁበት ትጠብቃችሁ፤ ልጆቹን ሳሙልኝ።

የወንድምዎ ሚስት ዮሃና

እርማት፦ ከላይ «ፎቁን ራሱ እየመራ አስጎበኘው» ተብሎ የተጻፈው፣ «ከታች ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ በቃል አስጎበኘው» ተብሎ ይነበብ።