አዱሬና የቡናው ገለባ

ለምወድህ ወንድሜ ለሙርሺድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? የሻርጃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ፣ መኪና ላይ ስትውል የሚይዝህ ቁርጥማት ተወህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንንም። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ የጅሬንን ዳገት ሲያይ ይሰንፋል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ስንደዋወል እማ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ትደቅናለች፣ አንተም ሳልጨርስ ትጮህብኛለህ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ዝም ብለህ ታነባለህ። ጎረቤታችን ጠሃ ወደዚያ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩ ስለ ድመትህ ስለ አዱሬ ነው። ድመትን በኦሮምኛ ድመት ብሎ የሚሰይም ሰነፍ ካንተ ሌላ አላየሁም። አትደንግጥ፣ አሁን ደህና ናት። በየወሩ የምትልከው ብር ከውጭ የሚመጣ የድመት አሸዋና የታሸገ ምግብ እንድገዛበት ነበር አይደል? አንዱ የአሸዋ ከረጢት የበግ እግር ይገዛል። ስፌት መኪና ላይ ጎብጬ የምውል ሰው ለድመት መጸዳጃ ይህን ያህል ልከፍል? ሆዴ እምቢ አለኝ። የግቤን ዓሣ የሚሸጠው ሰውዬ ጭንቅላቱን በነጻ ይሰጠናል፤ እማ ያለ ጨው ትቀቅለውና እሾሁን ለቅማ ከሩዝ ጋር ታቀርብላታለች። ለቁንጫዋም በሱቅ ዱቄት ፈንታ በሚዶ እናበጥራታለን። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

አሸዋው ላይ ግን አተርፍ ባይ አጉዳይ ሆንኩ። ከቡና መቀሸሪያው ጀርባ ገለባው ተራራ አህሎ እንደሚከመር ታውቃለህ። እኛ ጅማዎች የማናደርግበት ነገር የለም፤ እናነድደዋለን፣ ለዶሮ እናነጥፈዋለን፣ ጓሮ እንበትነዋለን። ሁለት ጆንያ ሞልቼ በባጃጅ አመጣሁና የአዱሬን ሳጥን ሞላሁላት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ድመቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስመልሳለች፣ ልቧ እጄ ላይ ይደልቃል። እማ በሻርፗ ጠቅልላ አቀፈቻትና ተቀመጠች።

የፈራሁት ለድመቷ ብቻ አልነበረም። አባባ ከሞተ በኋላ እማ ለሶላት ካልሆነ ከፍራሿ አትነሳም ነበር። አንተ ልትሄድ ሳምንት ሲቀርህ ያቺን ግልገል በካርቶን ይዘህ ከሄርማታ ገበያ መጣህና ጭኗ ላይ አስቀመጥክ፤ እኔ ደግሞ ሌላ አፍ አመጣህብን ብዬ ተቆጣሁህ። ከዚያ ወዲህ እማ ጠዋት የምትነሳው፣ ከዓሣ ሻጩ ጋር የምትከራከረው፣ የምትስቀውም በእሷ ምክንያት ነው። አዱሬ ብትሞት እማ ተመልሳ ፍራሿ ላይ ትወድቅብኛለች ብዬ ሰጋሁ።

ድመቷን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ዋቅጋሪ በረርኩ። መዳፏን አሸተተና የምትጸዳዳው ምን ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው፣ “ሳቢሃ ኮ፣ እህቴ፣ ገለባውም እኮ ቡና ነው፤ ቡና ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። እግሯን ስትልስ ስትጠጣው ከርማለች” አለኝ። መርፌ ወጋት፣ እግሯን አጠበላት፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ እስከ ማታ አቆያት። ልከፍለው ብል እናታችሁ ትመርቀኝ እንጂ አልቀበልም አለ። እማ እስከ ዛሬ ከሶላት በኋላ ስሙን እየጠራች ትመርቀዋለች።

አሁን ሳጥኑን የሚሞላልን አናጺው ደምመላሽ ነው። ሰጋቱራውን ነፍቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቶ ያመጣዋል፤ ፈጣሪ ይስጠው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ነውና አዱሬ ከሐኪሙ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን የዓሣውን ድስት ገልብጣ ጠራርጋ በላችው። እማ እየሳቀች ስትቆጣት ሰምቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ወንድሜ፣ ያን ዕለት ስለተቆጣሁህ ይቅር በለኝ። እናታችንን የመለስክልን አንተ ነህ፤ ውለታህን አልረሳም።

ከላክኸው የተረፈው ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ጥፋቴን ለእማ ስናዘዝ እሱንም አውጥቼ አሳየኋት። “አዱሬ ጠግባለች። የጎደለን ሙርሺድ ነው፤ ለመንገዱ ይሁን በዪው” አለች። ቲኬት ቤት ጠይቄያለሁ፣ የመምጫህን ግማሽ ይሸፍናል። ግማሹን ጨምርበትና ለአረፋ ድረስልን። ከእንግዲህ ለድመት ብለህ ሰባራ ሳንቲም እንዳትልክ።

አብረውህ ለሚኖሩት ለከሊልና ለሱፊያን ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች። ልጄ ፈድሊያ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። አዱሬም ደህና ናት፤ አሁንም የምትተኛው አንተ ይዘሃት በመጣህበት ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ከጠበባት ቆይቷል፣ እማ ግን ሙርሺድ ያመጣው ነው ብላ አታስቀይርም። መጥተህ አንተው ቀይርላት።

እህትህ ሳቢሃ
ጅማ፣ ጅሬን
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.