ዋራንት ያስወጣብኝ ቁጣ

ሰኞ፣ ማርች 4፣ 1996

እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ሪክ፣ ያ የፈረቃ አለቃችን፣ የማስታምማቸውን አሮጊት ሚስስ ዶረቲን ከጠዋት ጀምሮ በረጠበ አንሶላ ላይ አስተኝቷቸው ዶናት ይበላል! «ከምሳ በኋላ» ይለኛል ደግሞ። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ እኮ ያለቅሳሉ። ጮህኩበት፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ። ነርሲንግ ሆሙ፣ የአረጋውያን መጦሪያው በሙሉ ሰማኝ። አንሶላውን ራሴ ቀየርኩ።

ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጇ ሚስ ካረን ቢሮዋ ጠራችኝ። ሪክም ቆሟል። ቶሎ ቶሎ አወራች። «አንገር» ስትል ስለ ቁጣዬ መሆኑ ገባኝ። ቀጥላ «ዋራንትድ» አለች። ዋራንት የእስር ማዘዣ አይደል? ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ከሥራ ቦታዬ ከኦሮራ እስከ ቤቴ ግሌንዴል እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም።

ለአክስቴ ልጅ ለታደሰ ደወልኩለት። ታክሲ ነጂ ነው፤ አንዴ የትራፊክ ቅጣት ቲኬት ሳይከፍል ቀርቶ፣ ዋራንት ወጥቶበት ታስሯል። «ዋራንት ካለችሽማ ፖሊስ ሊይዝሽ ነው። ሥራ ቦታ ድርሽ እንዳትዪ!» አለኝ።

ሪክ ዶናት ይብላ፣ እኔ ልታሰር! የዜግነት ቃለ መጠይቄ በሚቀጥለው ወር ነው። ይሄ ነው የፍርድ አገር?

ረቡዕ

አልሄድኩም። አልደወልኩምም። በረዶ ይጥላል። በሩ ሲንኳኳ የፈሩት ይደርሳል አልኩ። ለካ ፒዛ አድራሽ በር ተሳስቶ ነው። እሱም ላይ ጮህኩበት፣ ምስኪን።

የሚስስ ዶረቲን አንሶላ ዛሬ ማን ቀየረላቸው?

ሐሙስ

ዛሬም ቀረሁ። ሚስ ካረን ደወለች፦ የት ጠፋሽ?

«ፖሊሱን ላኪውና ልገላገል!» አልኳት።

«የምን ፖሊስ?» አለች፤ ዋራንት ያለችውን አነሳሁባት። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ዋራንትድ ማለት ተገቢ ማለት ነው። «ቁጣሽ ተገቢ ነበር» ነው ያለችኝ፤ ያውም ሪክ ፊት!

ታዲያ «ልክ ነሽ» ማለት ምን ያንቃል? ለታደሰ ደውዬ ሰደብኩት። «እኔ የማውቀው የታሰርኩበትን ብቻ ነው» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ዓርብ

ገባሁ። ሳላስታውቅ በመቅረቴ ማስጠንቀቂያ አስፈረሙኝ። ቁጣዬ ተገቢ፣ መቅረቴ ግን ተገቢ አይደለም። ሪክስ ምን ተጻፈበት? ምንም። «አነጋግሬዋለሁ» አለች ሚስ ካረን።

ሚስስ ዶረቲ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። አንሶላውን ዳሰስኩት። ረጥቧል።

ቀየርኩላቸውና ቀጥ ብዬ ወደ ሪክ ሄድኩ። አሁን ቃሉን አውቀዋለሁ፦ ዋራንትድ።