የጎበዝ አለቃው ትልም

ሰኞ

እጄ በተቆረጠ። የሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ የቅድመ አያቴን ሥራ «ገበሬ» ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? ኩራት ይዞኝ «ገበሬና የጎበዝ አለቃ» ብዬ ሞላሁት። ዛሬ የወረዳው ካድሬ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «አለቃ» የምትለዋን በቀይ አስምሮ አሳየኝ። «ፊውዳል ነበር ማለት ነው?» አገሩን አያውቅም። የጎበዝ አለቃ ሕዝቡ ራሱ መርጦ ጦር የሚያስመራው ሰው ነው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ሐሙስ ገበሬ ማኅበሩ ፊት ምስክር አቅርብ ተባልኩ። የፊውዳል ዘር ከተባልኩ ከማስተማር እባረራለሁ። በመባረር ብቻ ከለቀቁኝ ደግ ነው።

ማክሰኞ

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ምነው አንተ፣ ሙቶ የበሰበሰ ሰው ሹመት ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ተናደድኩባት።

እዚህ ድብ ባሕር ቀበሌ ውስጥ ቅድመ አያቴን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌው አያ ፈንቴ ብቻ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል። አፋቸው ግን አልደከመም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ረቡዕ

ከክፍል እንደወጣሁ አያ ፈንቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገ «ገበሬ ነበር» ብለው ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። «ሸጋ፣ ሸጋ» አሉኝ። መስማታቸውን እንጃ።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሳይታረም ተቀምጧል። ምሳም አልበላሁ።

ሐሙስ

አያ ፈንቴ ሁሉንም ዘረገፉት። «አርሶ አዳሪ ነው እንጂ ምን ሹመት አለው? መለከት ሲነፋ ሞፈሩን ትልሙ ላይ ጥሎ ይዘምታል። ሲመለስ ካቆመባት ይቀጥላል።»

ካድሬው «ማን ሾመው?» ሲል «አባቶቻችን መረጡት» አሉ። ጻፈ፣ ጻፈ፣ ቀና አለና «እንግዲያስ የታጠቀ ጭቁን ገበሬ ነው» ብሎ ፈረደ። እፎይ አልኩ። ካድሬው እጄን ጨብጦ ቶሎ አልለቀቀኝም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስንወጣ አያ ፈንቴ ትከሻዬን ይዘው፣ «የመጨረሻ የዘመተ ጊዜ ጥሏት የሄደውን ትልም ግን የጨረሳት ልጁ፣ አያትህ ነው» አሉኝ።

ዓርብ

ደብዳቤ መጣ። የጀግና ዘር በመሆኔ የቀበሌው ሚሊሺያ መሪ ሆኜ ተመርጫለሁ። ማን እንደመረጠኝ አልተጻፈም። ነገ ጠዋት ደባርቅ ለሥልጠና፣ ከዚያ ግንባር። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር እናቴ።

ባለቤቴ ስንቅ እያዘጋጀች ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፈርቻለሁ።

ከሰዓት ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ ማስተማር ጀመርኩ። ምሳሌው ሳያልቅ ደወል ተደወለ። ተረኛዋ ተማሪ ሰሌዳውን ልታጠፋ ስትነሣ «ተዪው» አልኳት።

ስመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን አልኳቸው።