በአገጭ የተቃኘው ቤዝ

ለውድ እህቴ ለዳፊሻ፣

እንደምን ከርመሻል? የከተማችን የሺሎንግ ዝናብ ሊያሻግተን ምንም አልቀረው እንጂ እኛ ደህና ነን።

እርጥበቱ የጊታሩን ሁሉ አንገት ስላጎበጠው አባባ የጥገና ሥራ በዝቶበታል። አዲስ ዘዴም አምጥቷል፤ አገጩን ጊታሩ ላይ ተክሎ ነው የሚቃኘው። «ጆሮ ይዋሻል፣ አጥንት አይዋሽም» ይላል። ትናንት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔና ደንበኛው መደማመጥ አቅቶን በእጅ ምልክት ስንግባባ፣ አባባ «ዘንድሮስ ሰማዩ ጨዋ ሆኗል» አለን።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ጓዳችን ኪትቦክ አባባ የቃኘለትን ቤዝ ጊታር ሲመታው ቅኝቱ ከልክ በላይ ወርዷል።

«ኧረ አስተካክለው!» አልኩት በሹክሹክታ።

«አባትህ የቃኙትን ላርም? ደፋር!»

ሌሎቹ ጊታሮቻቸውን ወደ ቤዙ አወረዱ፤ መዘምራኑም ተከተሉ። ባለ ቀጭን ድምፆቹ ሶፕራኖዎች እንደ ወንድ ዘመሩ። አባባ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ በኩራት ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

በወጋችን ቤቱን የምትወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ፣ አንቺ ነሽ፤ ወላጅም ከነቤቱ ያንቺው ነው። ስትደውይ አባባ «መስመሩ ተበላሸ» እያለ ስልኩን ለእኔ የሚያቀብለኝ ተቀይሞሽ እንዳይመስልሽ። ብቻ ስትመጪ ፊት ለፊቱ ተቀመጪና ቀስ ብለሽ አውሪው፤ ሰው ሲያወራ ከንፈሩን ማየት ይወዳል።

ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው በሰላም ያምጣሽ።

ወንድምሽ ባንሻን