ስለ ፈገግታዎ ስፋትና ስለ ቦርዳችን ጥበት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የፈጠራ ሥራዎች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ጉለሌ

ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ እግርዎም በደረቅ ምንጣፍ ላይ እንዳረፈ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሙሉ ማዕረግዎን ከላይ ያልጻፍኩት ንቄ እንዳይመስልዎ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ አስረዳለሁ።

ሀያም አብዱልሰላም እባላለሁ። ቀጨኔ፣ ከወንዙ በላይ ባለው ቁልቁለት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ መሣሪያ የሚያዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችን ፕሮግራም ማድረግ እወዳለሁ። ዘንድሮ በበጋው ከጎረቤቴ ከጌቱ ጋር ሆነን ወንዙ ሲሞላ የምትጮህና ለጎረቤት ስልክ የምትደውል መሣሪያ ሠራን። ለሰፈሩ ሁሉ ትጥቀም ብንልም፣ የታሰበችው በተለይ ለእትዬ ዘርትሁን ነበር፤ የተሰቀለችውም እሳቸው ግድግዳ ላይ ነው። ቤታቸው ወንዙ አፋፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ቤት ነው፤ ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸውም ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋ አይወርዱም። እርስዎ ይህን ሰምተው ሥራችንን በጽሕፈት ቤትዎ ስም ሊያስመርቁልን በመፍቀድዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬ ግን ወሰን ስላለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የመሣሪያዋ ቦርድ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አትበልጥም፤ ለፕሮግራም ያላት ቦታም ሠላሳ ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው። በስልክዎ የሚያነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ይህን በቃልም በጽሑፍም ባስረዳም፣ ከምርቃቱ በፊት በመሣሪያዋ ስክሪን ላይ የጽሕፈት ቤቱ ዓርማ፣ የእርስዎ ሙሉ ስምና ማዕረግ፣ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት፣ እንዲሁም ምስልዎ ቀስ እያለ ፈገግ ሲል እንዲታይ ታዘዝን። ቦርዷ የአማርኛ ፊደል ስለማታውቅ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሥዕል ተስሎ ነው የሚገባላት፤ የማዕረግዎን ርዝመት ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፈገግታዎም ሲጀምር፣ ሲሰፋና ጥርስ ሲታይበት ለየብቻ መሳል ስለነበረበት ብዙ ቦታ ፈጀ።

፪ኛ፦ ጠባብ ቤት ሶፋ ለማስገባት አልጋ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ከቦርዷም የሆነ ነገር መውጣት ነበረበት። የፕሮቶኮል ባለሙያዎ እንግዳ የማያየው ክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። እንግዳ የማያየው ክፍል ስልክ የሚደውለው ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ስክሪኑ እየሠራ ጎን ለጎን ውሃውን የሚጠብቀው ክፍልም ተከተለው፤ ስለዚህ ሰላምታዎ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ መሣሪያዋ ወንዙን ዞር ብላ አታየውም። ጌቱ ሰላምታው ትንሽ ይጠርልን ብሎ ቢለምን፣ የኃላፊ ማዕረግ እንደማይቆረጥ ተነገረው። ሰላምታውም ለእንግዶች ክብር ሲባል፣ ከምርቃቱ በኋላም ጭምር፣ በየቀኑ ቀኑን ሙሉ እየተደጋገመ እንዲታይ ተደረገ።

፫ኛ፦ ምርቃቱ በእውነት ያማረ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ አጨብጭቧል። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን ከሰዓት፣ እንጦጦ ላይ ጠቁሮ የዋለው ሰማይ ዝናቡን ለቀቀውና ወንዙ ሞላ። መሣሪያዋ ያን ጊዜ ማዕረግዎን እየዘረዘረች ነበር። ዘርዝራ፣ ፈገግ ብላ፣ ከጨረሰች በኋላ ጮኸች፤ ውሃው ግን የእትዬ ዘርትሁን ፍራሽ ላይ ደርሶ ነበር። ስልክ የተደወለለት ጎረቤት አልነበረም። እሳቸው የተረፉት ኢየሩ የምትባለው ጎረቤታችን ያሰጣችውን ልብስ ልታስገባ ወጥታ ድምፃቸውን በመስማቷ ነው። ስንደርስ የአልጋውን ራስጌ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር፤ በኋላም፣ ሰውየው ግድግዳው ላይ ሲስቁ ሳይ ደህና ቢሆን ነው ብዬ ሰው ሳልጣራ ቆየሁ ብለው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ደመና ባዩ ቁጥር ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው የሚተኙት። እኔም ዝናብ ሲጀምር ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤታቸው እሮጣለሁ፤ ይህቺን ለአሽሙር አልጻፍኳትም።

፬ኛ፦ የመሣሪያዋ ሳጥን በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ስለታሸገ እኛ መክፈት አልተፈቀደልንም። ሰላምታውን አጥፍተን የወጣውን እንመልስ ብለን ብናመለክት፣ ጉዳዩ ከክረምቱ በኋላ እንደሚታይ ተገለጸልን። ግምገማችሁ ደግሞ፣ ስክሪኑ ጎርፉ መካከል እንኳ ስላልጠፋ፣ ሥራው የተሳካ ነው ይላል። ስለ ምስክርነቱ አመሰግናለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑን እንድንከፍት ይፍቀዱልን። ነሐሴ ከፊታችን ነው፣ እትዬ ዘርትሁንም ሌላ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም።

ፈገግታዎን ነጥብ በነጥብ የሳልኩት፣ ስለዚህም ከብዙ ሰው ይልቅ በቅርበት የማውቀው፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ሀያም አብዱልሰላም
ቀጨኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የምለጥፍበት የሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ለአንድ ሰው ከአንድ ገጽ በላይ አይፈቅድም። ጽፌ ስጨርስ ቦታው አልበቃ አለኝ፤ ወይ የእርስዎ ሙሉ ማዕረግ፣ ወይ እትዬ ዘርትሁን መውጣት ነበረባቸው። ማዕረግዎን አወጣሁት። እንደሚያዩት፣ ማንም አልሰጠመም።