የዋንዛው አባወራ

ለተወደድህ ታናሽ ወንድሜ፣

የቡሬ ዝናብና ጭቃ እንደምን አድርጎሃል? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ እንደ እርጅናዬ ደኅና ነኝ። ዳዊቴን ያለ መነጽር መድገም ቢያቅተኝም አንደበቴ አልደከመምና ታገሠኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ልጅህ ገሊላ ከዋንዛ የጠረበችውን ምስል ካላቃጠለች፣ ድንጋይም ተሸክማ እግርህ ላይ ካልወደቀች፣ በእናቷ ሙት ዓመት ደጅህን እንዳትረግጥ አዝዘሃል። ጣዖት ነውም ብለሃል። ምን ያለ ድፍረት ነው! ሕጉ የሚከለክለው ለተቀረጸ ምስል መስገድን ነው፤ ለዚህ ማን ሰገደ? የመቱ ከተማ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ነው የሰነበተው። ባስልኤልን እንጨት እንዲጠርብ በጥበብ መንፈስ የሞላው ማን እንደሆነ ዘነጋኸውን? አባታችን ይህን ሲያስተምርህ አንተ ታንጎላጅ ነበር፤ እኔ ግን ከጓዳ እሰማ ነበር።

አንተ በቁጣ ስላየኸው እኔ ልንገርህ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ቆማለች፤ ሕፃን አዝላ፣ ከሕፃኑ በላይ ማገዶ ተሸክማ፣ ጀሪካን አንጠልጥላ። ከማገዶው ላይ አንድ ቦርጫም ሰው እግሩን አጣምሮ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። በጣቱ ወደ ፊት እያመለከተ ፍጠኚ የሚላት ይመስላል። ገሊላ በኦሮምኛ «አባ መና» ብላዋለች፤ አባወራው ማለቷ ነው። ፊት ግን አላበጀችለትም፤ ልሙጥ ነው።

ታዲያ ያን ልሙጥ ፊት ስንቱ ወንድ የእኔ ነው አለ! የእድራችን ዳኛ አቶ ኪቲላ ጃንጥላው የእርሳቸው እንደሆነ ምለው ካልከሰስሁ አሉ። ባለሱቁ ሙራድ ብቻ፣ ቦርጩስ የእኔ ነው፣ ይህች ልጅ በነፃ ሠራችኝ ብሎ በሳቅ ፈረሰ። አንተም ከቡሬ ድረስ መጥተህ አፍንጫዬን መሳለቂያ አደረገችው አልህ። የትኛውን አፍንጫ፣ ወንድሜ?

በለዓምን አስብ፤ ነቢዩ ተቀምጦባት ሳለ ያላየውን መልአክ የተሸከመችው አህያ አየች።

ከዚያ ሁሉ ወንድ ስለ ታችኛይቱ ሴት የጠየቀ አንድ እንኳ የለም። እርሷ ፊት አላት። ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ከግራ ቅንድቧ በላይ ከነማገዶዋ የወደቀች ዕለት ያተረፈችው ጠባሳ አለ። እኔ እንዳየኋት ማተቤን ይዤ ነፍስ ይማር አልሁ።

ምስሉ አሁን በእኔ በረንዳ ነው፤ እሳት የሚነካው እኔን አልፎ ነው። ከሙት ዓመቷ በፊት ና፣ ዓይንህን ዝቅ አድርገህ እያት። ድንጋዩን ማን እንደሚሸከም ያን ጊዜ አንተው ትፈርዳለህ።

የበለዓምን ዓይን የከፈተ አምላክ የአንተንም ይክፈት፤ ቤትህን ከነልጅህ ይጠብቅልህ። አሜን።

ከጓዳ ስትሰማ ያደገችው
ታላቅ እኅትህ