የቁም ጸሐፊው የረብ አዝሪኤል ሊፍሹትስ ያላለቀ ብራና

ረብ አዝሪኤል ሊፍሹትስ ከአባታቸው ከሻማ ሠሪው ከረብ ናፍቶሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብሉማ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. በኒሳን ወር፣ በኢየሩሳሌም በአሮጌው ቅጥር ውስጥ ተወለዱ። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ጠባብ ክፍልና አንድ ግትር ባሕርይ ነበር። ክፍሉ በጦርነት ጠፋ፤ ግትርነቱ ግን እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም።

በሦስት ዓመታቸው ፊደል ቆጠሩ። በአሥራ አራት ዓመታቸው ከአጎታቸው ዘንድ ገብተው ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ከቱርክ ዶሮ ላባ ብርዕ መቅረጽ ተማሩ፤ ኦሪት የሚጽፉ ቁም ጸሐፊም ሆኑ። የዚህ ሙያ ሕግ ሁለት ነገር አጥብቆ ያዛል። ጸሐፊው የአምላክን ስም ከመጻፉ በፊት ሁልጊዜ «ለስሙ ቅድስና እጽፋለሁ» ብሎ በአፉ ይናገራል። ስሙን ከጀመረ ደግሞ ንጉሥ እንኳ ሰላም ቢለው እስኪጨርስ አይመልስም።

በ1933 ዓ.ም. ወይዘሮ ፍሩማን አግብተው በ1937 ሄንያን፣ በ1942 ዝላታን ወለዱ። መኖሪያቸው መአ ሸዓሪም በሚባለው የኢየሩሳሌም ሰፈር ሲሆን፣ የመጻፊያ ጠረጴዛቸው በራፉ አጠገብ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከተማዋ ተከባ ውሃ በጋሪ ይታደል ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሄንያ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ የውሃው ጋሪ መጥቷል፤ አንተ ትሄዳለህ ወይስ እኔ ልሂድ?» ብላ ጠየቀች። ረብ አዝሪኤል ስሙን ጀምረው ነበርና አልመለሱም። «እሺ፣ ዝም ካልክ ሂጂ ማለትህ ነው» አለችና ባልዲውን አንሥታ ወጣች። ከመድፍ የተተኮሰው ጥይት የወደቀው ከውሃው ሰልፍ መካከል ነው። ረብ አዝሪኤል ስሙን ጨርሰው ብርዓቸውን ገና አላስቀመጡም ነበር።

በቀብሯ ላይ እንደ ሕጉ ልብሳቸውን ቀደዱ። ሐዘንተኛ ሁሉ የሚለውን «እውነተኛው ዳኛ ይባረክ» የሚለውን ቃል ግን አፋቸው እምቢ አለ። የምኩራቡ አስተናባሪ ረብ ጌጽል ሊያጽናኗቸው መጥተው «ሁሉም ለበጎ ነው፤ ብቻ በእሱ ታመን» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው በጎው ከኔ ቤት ይውጣና ያንተን ደጅ ያንኳኳ» አሏቸው። በዚህ ንግግራቸው ሰፈሩ ብዙ ዘመን ወቀሳቸው።

ተኩሱ ጋብ ሲል ሰፈሩ በዚያ ቀን ለሞቱት መታሰቢያ የሚሆን ኦሪት እንዲጽፉ ለመናቸው። ሦስት ዓመት ጻፉ። ያዩት ሁሉ እንደዚያ ያለ እጅ አልታየም ይላሉ። በ1951 ዓ.ም. ሕዝቡ ሻማ ይዞ፣ ጥላ ዘርግቶ፣ እየዘፈነ ኦሪቱን ወደ ምኩራብ ሊያስገባ ሲል፣ ረብ አዝሪኤል ከፊት ቆመው መጽሐፉ በሕጉ ለንባብ እንደማይሆን ተናገሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «ለስሙ ቅድስና» አላሉም ነበር።

አዛውንቱ ረቢ ፔሳሕ ሊያድኗቸው ፈልገው፣ «አዝሪኤል፣ በአፍህ ባትለው በልብህ ብለኸው ይሆናል» አሏቸው።

«በልቤ ያልኩትንማ ሴቶችና ሕፃናት ባሉበት አልደግመውም» ብለው መለሱ።

ረብ ጌጽል ግን አላስቻላቸውም፤ «አንተ ሰው፣ ዓሣው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተጋግሮ! ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?» ብለው ጮኹባቸው።

«ዝም ማለቴ አይደል እንዴ ጥፋቱ?» አሉ ረብ አዝሪኤል።

ኦሪቱ በሸክላ እንስራ ተከቶ በምኩራቡ ጓዳ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ረብ አዝሪኤል ሌሎች የሚጽፉበትን ብራና እየፋቁና መስመር እያሰመሩ ኖሩ እንጂ ስሙን አልጻፉም። አንድ ሰንበት አልሻሩም፣ አንድ ጸሎት አላስታጎሉም፤ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጸልዩ ነበር። ሰዉም «አዝሪኤል ሕጉን ይጠብቃል እንጂ ባለሕጉን አያምንም» ይላቸው ነበር። እውነት ነው፤ እሳቸውም አላስተባበሉም።

በ1984 ዓ.ም. ወይዘሮ ፍሩማ በጸና ታመው ሳሉ፣ በዝላታ በር መቃን ላይ የሚሰቀለውን፣ የአምላክ ስም ያለበትን ትንሽ ጥቅልል በገዛ እጃቸው እንዲጽፉላት ለመኗቸው። «ሌላ ጸሐፊ ፈልጊ። እኔ አላምነውም» አሏቸው።

«ካላመንከው ለምን ታኮርፈዋለህ?» አሉ ወይዘሮ ፍሩማ። «ሰው የሚያኮርፈው የራሱን ሰው ነው። እኔን ስንት ጊዜ አኩርፈኸኛል፤ ጌጽልን አኩርፈኸው ታውቃለህ?»

ወይዘሮ ፍሩማ በዚያው ክረምት ዐረፉ። በቀብራቸውም ላይ ረብ አዝሪኤል «እውነተኛው ዳኛ ይባረክ» አላሉም።

ባለፈው ፀደይ፣ በዝላታ ቤት፣ ረብ አዝሪኤል ፍሩማ የለመኗቸውን ጥቅልል ሊጽፉ እጃቸውን ታጥበው ከጠረጴዛው ቀረቡ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ «ለስሙ ቅድስና እጽፋለሁ» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ማድ ቤት ተሰማ። ከስሙ አራት ፊደላት ሁለቱን ጽፈው ነበር። ዝላታ በማድ ቤት ሆና የምትለውን አላስተዋለችም፤ እንደ ወትሮዋ «አባባ፣ ሻይ ላምጣልህ ወይስ ትመጣለህ?» ብላ ተጣራች።

ብርዓቸውን አስቀመጡ። «መጣሁ፣ ልጄ» አሉ።

ዝላታ ሮጣ መጥታ ብራናውን ስታይ ደነገጠች። «አባባ! ስሙን መሐል ላይ አቋርጠህ?»

«እሱ ይጠብቃል» አሏት። «የማይጠብቀው ልጅ ነው።»

ሻዩን ጠጡ። ብራናውን ግን አልጨረሱትም፤ በዚያው ሰሞን ሆዳቸውን አመማቸው፣ እጃቸውም ከዳቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በ1986 ዓ.ም. በኤሉል ወር በ17ኛው ቀን፣ እሑድ ንጋት ላይ፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። አንዲት ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ ልጅ ትተዋል። ቅዱስ ጽሑፍ አይጣልምና፣ እንደ አባቶች ሥርዓት፣ ያልተነበበው ኦሪትና ያላለቀው ብራና በእንስራው ሆነው ዛሬ ከጎናቸው ይቀበራሉ።

«እውነተኛው ዳኛ ይባረክ» የሚለውን ቃል ዝላታ አሁን በመቃብሩ አፍ ላይ ቆማ ትላለች፤ ለራሷም፣ ለአባቷም። ከዚያ በፊት ግን ይህ ጽሑፍ እንዲነበብ አዛለች፤ ዳኛው ከመባረኩ በፊት ነገሩን ይስማ ብላ።

ነፍሳቸው ከሕያዋን ጋር በአንድ ቋጠሮ ትቋጠር። ሄንያ ከደጃፉ ሆና ስትጠራቸውም፣ የሚመልሱበት አንደበት ይሰጣቸው። አሜን።